ከአሜሪካ የተላከልኝ ቫይታሚን ቅዳሜ ገበያ ያደርሰኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ34 ዓመት መምህርት ነኝ፤ የምኖረው አዘዞ ነው። የአምናው ጥምቀት ዕለት ፋሲል መዋኛ በሕዝቡ መሀል ቆሜ ሳለሁ ልቤ በድንገት ይደልቅ ጀመር። ትንፋሽ አጠረኝ፤ የምሞት መሰለኝ። ሆስፒታል ሄጄ «ልብሽ ደህና ነው» ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ታክሲ ውስጥ መግባት አልችልም። ቅዳሜ ገበያ ከወጣሁ ዓመት አለፈኝ፤ አስቤዛ የሚያመጣው ባለቤቴ ነው። ትምህርት ቤቱ ከቤቴ አጠገብ ባይሆን ሥራዬንም ባቆምኩ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ፍሉኦክሴቲን የሚባል የጭንቀት መድኃኒት 20 ሚሊ ግራም ታዞልኝ ጀመርኩ፤ ብዙም ለውጥ አላየሁም። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ ማግኒዚየም፣ ኦሜጋ 3፣ አሽዋጋንዳ እና ሴንት ጆንስ ወርት ላከችልኝ። «የተፈጥሮ ናቸው፣ አይጎዱም» ትላለች። መድኃኒቱን ትቼ እነሱን ልውሰድ ወይስ ደርቤ?
ሀ. ከአዘዞ

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ዛሬውኑ ያድርጉልኝ። ሴንት ጆንስ ወርት የሚለውን ብልቃጥ ለብቻው ያስቀምጡት፤ አይክፈቱት። ይህ ዕፅዋት አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከፍ ያደርጋል። ፍሉኦክሴቲንም የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። ሁለቱ ሲደረቡ ሴሮቶኒን ከመጠን ሊያልፍና መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ የልብ መፍጠን ሊመጣ ይችላል፤ ሲብስም ለሕይወት ያሰጋል። ጀምረውት ከሆነና ከእነዚህ አንዱን ካዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። «ፍሉኦክሴቲኑን ትቼ በዚህ ልተካው» ማለትም አያዋጣም፤ መድኃኒቱ ካቆሙት በኋላ እንኳ ለሳምንታት ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ይኸው ዕፅዋት የወሊድ መከላከያን፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውንም ጭምር፣ ያዳክማል። የኤችአይቪ መድኃኒትንም እንዲሁ። የተፈጥሮ ነው ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም።

አሽዋጋንዳ የተባለውን ዕፅዋት በተመለከተም እንዲተዉት እመክራለሁ። ጭንቀት ቀነሰ የሚሉ ትንንሽ ጥናቶች አሉ። ግን ጉበታቸው የተጎዳባቸው ሰዎች ታይተዋል፤ ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ የሚያመነጨውን ሆርሞንም ከፍ ሊያደርግ ይችላል። እንቅርት በሚበዛበት በእኛ ደጋ አገር ይህን ቀላል ነገር አላደርገውም። ለነፍሰ ጡርም አይሆንም።

ኦሜጋ 3 ከሁሉም የተሻለ ማስረጃ አለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 የታተመ፣ 19 ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንተና የጭንቀት ምልክቶችን በመጠኑ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ውጤቱ የታየው በተለይ በቀን 2,000 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ በወሰዱት ላይ ነው። ተሳታፊዎቹ ግን ጤነኞችም፣ የተለያየ ሕመም ያለባቸውም ነበሩ፤ እንደ እርስዎ ከቤት መውጣት በፈሩ ሰዎች ላይ ለብቻው የተሠራ አልነበረም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የማይወስዱ ከሆነ ለሐኪምዎ ነግረው ሊሞክሩት ይችላሉ። ተልባም ኦሜጋ 3 አለው፤ ሰውነታችን ግን በዓሣ ውስጥ ወዳለው ዓይነት የሚቀይረው ጥቂቱን ብቻ ነው።

ማግኒዚየም ኩላሊትዎ ጤነኛ ከሆነ በቀን ከ350 ሚሊ ግራም ሳያልፍ አይጎዳም፤ ሆድ ሊያላላ ግን ይችላል። ጤፍ፣ ሽሮና ጎመን ለሚበላ ሰው ብዙ የሚጨምረው ነገር ያለ አይመስለኝም።

አዲስ ብልቃጥ ከመክፈት ይልቅ ደምዎን ቢመረመሩ ደስ ይለኛል። ደም ማነስና የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት ልብን ያስደልቃሉ፤ ጭንቀት ይመስላሉ። ጾም የሚያዘወትሩ ከሆነ ቫይታሚን ቢ12ንም ያስለኩ፤ ከዕፅዋት አይገኝም። ያነሰ ነገር ከተገኘ እሱን መሙላት እውነተኛ ሕክምና ነው። ቡናም አለ። ሦስቱንም የሚጠጡ ከሆነ ለጊዜው በአቦል ይብቃዎት፤ ቶናና በረካ ይቆዩ። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ለፓኒክ፣ ማለትም እንደ እርስዎ በድንገት ለሚነሳ ብርቱ ፍርሃት፣ በተጋለጠ ሰው ላይ ያንኑ የልብ ድለቃ ይቀሰቅሳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሕመምዎ አጎራፎቢያ የሚባለው ይመስለኛል። «አጎራ» በግሪክ ገበያ ማለት ነው። ፍርሃቱ ግን ከገበያው ይልቅ «እዚያ መሀል ቢነሳብኝ ማን ያወጣኛል?» የሚለው ሐሳብ ነው። ታክሲውን ሲተዉ ለዕለቱ እፎይ ይላሉ። ያ እፎይታ ለአንጎልዎ «አየሽ፣ የዳንሽው ስላልሄድሽ ነው» ብሎ ያስተምረዋል። በማግስቱ ፍርሃቱ ይበረታል። ባለቤትዎ አስቤዛውን ሲያመጡልዎ በፍቅር ነው፤ ሳያውቁት ግን ሕመሙን እያገዙት ነው። ይህን ስናገር ብዙ ቤተሰብ ቅር ይለዋል፤ ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው።

የሚያድነው ቀስ በቀስ ወደሚፈሩት ነገር መመለስ ነው። ይህ ሳምንት የግቢ በር ላይ ቆመው የሚያሳልፉት ይሁን፤ በመጀመሪያ ከባለቤትዎ ጋር፣ ከዚያ ብቻዎን። በሚቀጥለው ባጃጅ ተሳፍረው ቅርብ ቦታ ይውረዱ። ከዚያ ታክሲ፣ አንድ ፌርማታ። ከዚያ ፒያሳ፣ ሰው ሳይበዛ በጠዋት። ቅዳሜ ገበያ የመጨረሻው ነው፤ ያውም ገና ሻጮቹ ሲዘረጉ። ዋናው ነገር ልብዎ ሲመታ አለመሸሽ ነው። ፓኒክ ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣራ ይነካና ይወርዳል። ሲወርድ እዚያው ቆመው ማየት አለብዎት፤ አንጎልዎ የሚማረው ያኔ ነው። በየቀኑ ቢሆን ይመረጣል፤ በሳምንት አንዴ ከሆነ ግን ፍርሃቱ መልሶ ሊያገግም ይችላል። የአእምሮ ጤና ባለሙያ አብሮዎት ደረጃዎቹን ቢያወጣ መንገዱ ይቀላል፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል አለው።

ፍሉኦክሴቲኑን አያቋርጡ። ሦስት ሳምንት ገና ነው። መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ሊያቁነጠንጥ ይችላል፤ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ጸበል የሚጠመቁ ከሆነም ይጠመቁ፤ መድኃኒቱን ግን ለዚያ ብለው አይዝለሉ። ራስዎን ስለማጥፋት የሚያስብ ሐሳብ ከመጣብዎት ግን ያኑ ዕለት ለባለቤትዎም ለሐኪምዎም ይንገሩ።

ለቀጠሮዎ ሲሄዱ አራቱንም ብልቃጦች በፌስታል ይዘው ይሂዱና ጠረጴዛው ላይ ይደርድሯቸው። ለእህትዎም ይደውሉላት። ሌላ ብልቃጥ ከምትልክ በየቀኑ የት እንደደረሱ ብትጠይቅዎ ይሻላል፤ ነገ ማታ ስትደውል ስለ ግቢው በር ይንገሯት።