መልስ፦ ለሰርግ ቪዲዮ ባለ ሁለት ድራይቭ ናስ ወይስ ባለ አራት?

ወንድሜ፣ 3 ቴራባይት የሰርግ ቪዲዮ ይዘህ ባለ ሁለት ወይስ ባለ አራት ድራይቭ (ዲስክ) ናስ ልግዛ፣ ሬይድ 1 ይሻላል ወይስ ሬይድ 5 ብለሃል። ናስ ማለት በኔትወርክ የሚገናኝ የፋይል ማስቀመጫ ሳጥን ነው፤ ሬይድ ደግሞ በውስጡ ያሉትን ዲስኮች አንድ ላይ የማሠራት ዘዴ። እኔ ብሆን ባለ ሁለቱን ገዝቼ ሬይድ 1 አደርገዋለሁ። ሁለት ባለ 8 ቴራባይት ዲስክ ብትከት የምታገኘው ቦታ 8 ነው፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነዋ። አንዱ ቢሞት ሥራህ አይቆምም። ሬይድ 5፣ ማለትም ፋይሉን ከመጠባበቂያ መረጃ ጋር በዲስኮቹ ላይ የሚያከፋፍለው፣ ቢያንስ ሦስት ዲስክ ይፈልጋል፤ ለአንተ ገና ነው።

ዲስኩ ላይ ግን አትሳሳ። ሲኤምአር የሚባለውን፣ የሚጻፍባቸው መስመሮች የማይደራረቡበትን ዓይነት ያዝ፤ ለምሳሌ ሲጌት አይረንዎልፍ ወይም ደብሊውዲ ሬድ ፕላስ። መስመሮቹ የሚደራረቡበት ኤስኤምአር ረከስ ይላል፤ የሞተውን ዲስክ ተክተህ ግልባጩ እንደገና ሲሠራ ግን ቀናት ሊፈጅብህ ይችላል።

እዚህ ጅማ መብራቱን ታውቀዋለህ፣ ሳይታሰብ ድርግም ይላል። ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) እንዳታስበው። በዩኤስቢ ከናሱ ጋር የሚገናኝ ከሆነ ባትሪው ሳያልቅ ናሱ ራሱን በሥርዓት ይዘጋል።

ደግሞ አደራህን፣ ሬይድ አለኝ ብለህ ባክአፕ እንዳትተው። በስህተት ያጠፋኸው ፋይል ከሁለቱም ዲስክ እኩል ይጠፋል። ሌባም ሳጥኑን እንዳለ ነው የሚያነሳው። የሰው ሰርግ ደግሞ ዳግም አይቀረጽም። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጠህ ከቤትህ ውጪ አስቀምጥ፤ አጋሮ ዘመድ ካለህ እዚያ ይሁን።