የገጸ ባሕርይዋን ምስጢር እስከ መቼ ልያዘው?

ጥያቄ፦ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩን የምትተርከው ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ራሷ ናት፤ ከቤሩት የተመለሰች ሴት። ከመሄዷ በፊት የወለደችውን ልጅ ለሰው ሰጥታለች። ይህን እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ደበቅኩት። ያነበበችልኝ ጓደኛዬ ግን «ሸወድሽኝ» ብላ ተናደደች። ከመጀመሪያው ልናገረው? (ብ. ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጓደኛሽ እውነቷን ነው። ሴትዮዋ «እኔ» እያለች ስለ ማዳሟ፣ ስለ ሻንጣዋ፣ ስለ ሰፈሩ ሐሜት ሳይቀር እያወራችን ልጇ አንዴም ትዝ ካላላት፣ የደበቀችው እሷ ሳትሆን አንቺ እንደሆንሽ ይነቃብሻል።

መደበቅ በራሱ ችግር የለውም። በ1847 እ.ኤ.አ. በወጣው የሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» ውስጥ ሮቸስተር ሚስት እንዳለው የምንሰማው ጄንን ሊያገባ ቤተ ክርስቲያን ከቆመ በኋላ ነው። ጄን የምትተርክልን ነገሩ ካለፈ ከዓመታት በኋላ ስለሆነ ሁሉን ታውቃለች። ግን አንቀየማትም። ምስጢሩ የሮቸስተር ነው፣ የሚደብቅበትም ምክንያት አለው፤ እሷ ደግሞ ያኔ እንደደረሰችበት አድርጋ ነው የምታወራን። ደግሞ ሚስቱ ተደብቃ ከምትኖርበት ከላይኛው ፎቅ የሚሰማው ሳቅና ሌሊት የተቃጠለው አልጋ ቀድሞ ተነግሮናል።

«ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) የዚህ ተቃራኒ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በዛብህ ሳይወለድ ከእናትና ከአባቱ ይነሳሉ፤ በስለት ለቤተ ክርስቲያን መሰጠቱንም አይደብቁንም። የዛሬ አርታኢ እጅ ቢገባ እነዚያ ምዕራፎች የሚተርፉ አይመስለኝም! ግን በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ የምንሰጋለት ስለቱን ስለምናውቅ ነው። ምስጢር ቢሆን ኖሮ መጨረሻ ላይ አንዴ ደንግጠን እናልፈው ነበር።

ስለዚህ ልጅ እንዳላት በመጀመሪያዎቹ ገጾች፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጣል አድርጊው። እሷም ቶሎ ወሬ ትቀይር፤ እንዲህ ስትሸሽ አንባቢው ያምናታል፣ ሰውም የሚያመውን ነገር የሚያወራው እንደዚያ ነው። ለማን ሰጠችው? ለምን? ልጁስ ያውቃታል? እነዚህን መያዝ ትችያለሽ። የለም፣ ጭራሽ አይታወቅብኝ ካልሽ ተራኪዋን ቀይሪ። ለምሳሌ ምንም የማታውቅ ታናሽ እህት ታውራው።

ብቻ የቤሩቱን ትዝታ በሙሉ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ እንዳትዘረግፊው።