ለገና መዘመር ይደርሳል ወይ ላልሽው
እህቴ፣ «ሐዋሳ አዲስ ነኝ፤ በኅዳር መጨረሻ መዘምራን ውስጥ ብገባ ለገና እደርሳለሁ ወይ?» ላልሽው፦ ለልምምዱ ትደርሻለሽ፣ ለመዘመሩ ግን አትቸኩዪ። እዚህ ከገና በፊት ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ንግሥ አለ። ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ የሁላችንም ድምፅ እዚያው ያልቃል፤ ለልደት የሚቀረን 10 ቀን ነው፤ በየአራት ዓመቱ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ እንዲያውም 9፣ በዓሉ 28 ስለሚውል። ስለዚህ የልደቱን መዝሙር ቀደም ብለን፣ ከገና በፊት ካሉት ከስብከት፣ ከብርሃንና ከኖላዊ እሑዶች መዝሙር ጎን ለጎን እናጠናለን።

ግጥሙን በእጅሽ ጻፊው። ሽብሸባውን ከኋላ ሆነሽ ተከተዪ፤ እግርሽ ከከበሮው ካልገጠመ ዜማውም አይያዝልሽም። ጾም ስለሆነ ከሥራ በቀጥታ ስትመጪ ይደክምሻል፣ ማታ የምትቀምሽው ቆሎ ያዢ። እኔ የመጀመሪያውን ገና ከምእመናን መካከል ቆሜ ሌሊቱን ሙሉ ስሰማ አደርኩ፤ ብዙ የተማርኩት ያኔ ነው።