ለዌብሳይት የሚሰጥ ፎቶና ጽሑፍ እንዴት ይዘጋጅ?

ጥያቄውን የላኩልኝ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከዋናው ፖስታ ቤት ወረድ ብለው የቆዳ ቦርሳ እያሠሩ የሚሸጡ እናት ናቸው። ዌብሳይት ሊሠራላቸው የተስማማው ልጅ ቀብድ ከተቀበለ 3 ወር ሆኖታል። «ኮንቴንት ይላኩልኝ» ሲላቸው 60 ያህል ፎቶ በቴሌግራም ላኩለት፤ ጸሐፊያቸው የተየበችውን ጽሑፍም በፍላሽ ሰጡት። ልጁ ባሳያቸው ገጽ ላይ ግን ፎቶው ደብዝዟል፣ አማርኛው የማይነበብ ምልክት ሆኗል፣ ሎጎውም ነጭ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። «ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የእሱ?» ይላሉ።

እናቴ፣ ልጁ ሥራውን ሲቀበል ምን ምን፣ በምን መልክ እንደሚፈልግ ቁጭ ብሎ ሊነግርዎት ይገባ ነበር። «ኮንቴንት» ብሎ ዝም ማለት፣ አናጺ የእንጨቱን ርዝመትና የምስማሩን ቁጥር ሳይናገር «ዕቃ ይግዙ» ብሎ እንደመሄድ ነው። ሦስቱም ችግሮች ግን ይስተካከላሉ።

ከአማርኛው ልጀምር። ጸሐፊዎ የተየበችው በድሮ የግዕዝ ፎንት ይመስለኛል። እነዚያ ፎንቶች ለላቲን ፊደላት የአማርኛ ቅርጽ የሚያለብሱ ናቸው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው ላቲኑ ስለሆነ፣ ፎንቱ የሌለበት ስልክ ላይ ልብሱ ይወልቅና የውስጡ ይታያል። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ለእያንዳንዱ ፊደላችን የራሱን ቁጥር ሰጥቶታል፤ ዛሬ ስልክዎ ላይ የሚጽፉት አማርኛ በሙሉ በዚያ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከዎርዱ ላይ አንድ መስመር ኮፒ አድርገው ቴሌግራም ላይ ይለጥፉት። በአማርኛ ከተነበበ ዌብሳይት ላይም ይነበባል። ካልተነበበ ጽሑፉ አጭር ከሆነ በስልክ እንደገና መተየብ ይሻላል።

ፎቶዎቹን ያደበዘዘው የአላላኩ መንገድ ነው። ቴሌግራም ምስልን እንደ ፎቶ ሲልኩት ያሳንሰዋል፤ 4000 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ስፋት የነበረው ብዙውን ጊዜ 1280 ሆኖ ይደርሳል። ሲልኩ «ፋይል» የሚለውን ይምረጡ፤ ያኔ እንዳለ ይሄዳል። ለገጹ በሚስማማ መጠን ማቅለሉ የልጁ ሥራ ነው።

አነሳሱም ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ጥሩ ዕቃ እዚህ ላይ ሲበደል አይቻለሁና። የሱቅ አምፖል ቡናማውን ቆዳ ወደ ብጫ ይወስደዋል፣ የካሜራው ፍላሽ ደግሞ ያብለጨልጨዋል። ጠዋት በመስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛ ያስጠጉ፣ ነጭ አንሶላ ያንጥፉ፣ አምፖሉን ያጥፉ፣ የስልኩን ካሜራ በጨርቅ ይጥረጉ። ለእያንዳንዱ ቦርሳ ከፊት አንድ፣ ተከፍቶ ውስጡ የሚታይበት አንድ፣ ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ትልቅነቱ የሚታወቅበት አንድ ያንሱ። ስፌቱን ጠጋ ብለው ያንሱት። የእጅ ሥራ መሆኑን ገዢው የሚያምነው እዚያ ላይ ነው።

ጽሑፉን በተመለከተ፣ የላኩልኝ እንዲህ ይጀምራል፦ «ድርጅታችን ላለፉት ዓመታት ጥራት ያላቸውን ምርቶች ለክቡራን ደንበኞቹ በማቅረብ ግንባር ቀደም…»። ይህን የሚያነብ ሰው ስለ ቦርሳዎ ምን አወቀ? አንድ ሳምንት ሙሉ ደብተር ከስልክዎ አጠገብ ያስቀምጡና ደንበኛ የሚጠይቅዎትን ሁሉ በራሱ አባባል ይጻፉት። «ላፕቶፕ ይይዛል?» «የበሬ ቆዳ ነው ወይስ የበግ ሌጦ?» «ዚፑ ቢበላሽ ትቀይሩልኛላችሁ?» ገጹ የሚሞላው በነዚህ መልሶች ነው። ለምሳሌ፦ «የትከሻ ቦርሳ፣ የበሬ ቆዳ፣ 40 በ30 ሳንቲ ሜትር፣ ባለ 15 ኢንች ላፕቶፕ ይይዛል፣ በጥቁርና በቡናማ አለ፣ በትዕዛዝ በ5 ቀን ይደርሳል።» ይቺ አንድ መስመር ከዚያ ሁሉ መግቢያ የበለጠ ትሸጣለች።

ዋጋም ይጻፉ። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለውን ልማድ አልወደውም፤ ሰው ጠይቆ መልስ እስኪያገኝ ሌላ ቤት ገዝቶ ይሄዳል። የቆዳ ዋጋ እየተለዋወጠ የሚያስቸግርዎት ከሆነ «ከዚህ ብር ጀምሮ» ብለው ቀኑን ይጥቀሱበት።

ሰዓቱን ሲሰጡ ይጠንቀቁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ሱቅ «ከ2፡30 እስከ 12፡30» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛው ገጽ እንዳለ አሳለፍኩት፤ ጠዋት ሊገዙ አስበው የነበሩ እንግዶች ሱቁ ከቀትር በኋላ የሚከፈት መስሏቸው ቀሩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በእንግሊዝኛው 8፡30 ጠዋት፣ 6፡30 ማታ ተብሎ መቀየር አለበት። እርስዎ ደግሞ ሰፈርዎ የውጭ እንግዳ የሚበዛበት ነው።

አድራሻውን «ከእንትና ሕንፃ ፊት ለፊት» ብቻ ብለው አይተዉት። በኮሪደር ልማቱ ስንት የምናውቀው ምልክት ተነሥቷል። ሱቁ በር ላይ ቆመው የጉግል ካርታውን ቦታ ይላኩለት፤ ፎቁንና የሱቁን ቁጥር ይጨምሩ፤ ከመንገዱ ማዶ ሆነው የሱቁን ፊት ፎቶ ያንሱ። ስልክ ቁጥሩ በ+251 ይጀምር፣ ከውጭ የሚደውልም አለ።

የሎጎው ነጭ ሳጥን የመጣው ከቢዝነስ ካርድዎ ላይ ፎቶ ተነሥቶ ስለሆነ ነው። ካርዱን ያሳተሙበት ቤት ሄደው ዋናውን የኮረል ድሮ (የዲዛይን ፕሮግራም) ፋይል ይጠይቁ፤ ከፍለውበታል፣ ሊሰጡዎት ይገባል። ዶሜይኑም (የዌብሳይቱ አድራሻ ስም) በልጁ ሳይሆን በእርስዎ ስምና ኢሜይል መመዝገቡን ዛሬውኑ ያረጋግጡ።

ሁሉንም ቦርሳ በአንዴ ለማዘጋጀት አይነሡ። በብዛት የሚሸጡልዎትን 5 ይምረጡ፤ ለእያንዳንዱ 4 ፎቶና አንድ መስመር ጽሑፍ አዘጋጅተው እስከ ዓርብ በፋይል ይላኩለት፤ ገጹ በነሱ ይከፈት። የቀሩትን በየሳምንቱ አምስት አምስት እያደረጉ ይጨምሩ።