ለወጣት አዳኞች፦ ሐይቁ በበረዶ ሲጋገር ወደ ጅረቱ ውረዱ

ውድ ልጆቼ፣

ዲሴምበር አልፎ ጃንዋሪ ሲገባ፣ አሜሪካ ውስጥ ዳክዬ ማደን ከጀመሩ ወጣቶች የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው። «ዳክዬዎቹ የት ገቡ?» ይላሉ። ኖቬምበር ላይ ሐይቁ በወፍ ተሞልቶ ነበር። አሁን ነጭ ሆኖ ተጋግሯል፤ ሰማዩም ባዶ ነው። ብዙዎቹ ጠብመንጃቸውን ወልውለው ያስቀምጣሉ። እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው ይህን ጊዜ ነው።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ሰው ለአደን በመምራት ነው። በጀልባም፣ በረግረግም፣ በበቆሎ ማሳም ሠርቻለሁ። ምረጥ ካላችሁኝ ግን ጠባብ ጅረት እመርጣለሁ። እዚያ ከተኩሱ በፊት ያለው ሥራ ይበዛል። ከተኩሱ በኋላ ደግሞ በጊዜ ውልቅ ብሎ መሄድ ያስፈልጋል። ወጣት አዳኝ የሚቸገረው በእነዚህ በሁለቱ ነው፤ መተኮሱንማ ሁሉም ይለምደዋል።

ዳክዬዎቹ የትም አልገቡም። የቆመ ውሃ ቶሎ ይጋገራል፣ የሚፈስ ውሃ ይቆያል። ምንጭ የሚመግበው ጅረት ደግሞ ከሁሉም በላይ ይቆያል፤ የከርሰ ምድር ውሃ ሙቀቱ እንደ አየሩ አይለዋወጥምና። ማላርድ የሚባለው የዱር ዳክዬ ብርድ አይፈራም። ወደ ደቡብ የሚያባርረው የውሃው መዘጋትና ምግቡ በበረዶ መሸፈኑ ነው። ክፍት ውሃ ካለና አጠገቡ የተለቀመ የበቆሎ ማሳ ወይም ፍሬው የረገፈ የኦክ ዛፍ ካለ፣ ማላርድ ውርጩን ችሎ ይቀመጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጠብመንጃውን ቤት ትታችሁ ውጡ። መኪናችሁን መንገድ ዳር አቁማችሁ በሩቅ ማሳያ መነጽር ሰማዩን እዩ። መንጋው ከየት ተነሳ? የት ወረደ? በስንት ሰዓት? በጣም በቀዘቀዘ ቀን ማላርድ ጉልበቱን ይቆጥባል፤ ገና ሲነጋ ወጥቶ አይበላም። ብዙ ጊዜ ረፈድ ሲል ወይም ከሰዓት በኋላ ወደ ማሳ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ጅረቱ ይመለሳል። ይህን ያላየ ሰው በጨለማ ተነስቶ ሲንቀጠቀጥ ያረፍድና፣ ወፎቹ ሊመጡ ሲሉ ቡና ፍለጋ ይሄዳል።

ስታዩ አንድ ነገር ለዩ። ዳክዬ ሌሊቱን የሚያድርበት ውሃ አለ፣ ቀን አረፍ የሚልበት ውሃ አለ። ማደሪያው ላይ አትተኩሱ። ከማደሪያው የተባረረ መንጋ አካባቢውን ጥሎ ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ ለእናንተም ለጎረቤታችሁም አይተርፍም።

አሁን ጅረቱን ማንበብ እንልመድ። ስልካችሁ ላይ የሳተላይት ካርታ ክፈቱና መታጠፊያዎቹን ምልክት አድርጉ። ጅረት ሲታጠፍ ውሃው በውጪኛው ጎን ይጣደፋል፣ በውስጠኛው ጎን ይዘገያል። ዳክዬ ከወራጅ ጋር መታገል አይፈልግም፤ የምታገኙት ውሃው በዘገየበት ነው። የወደቀ ግንድ ከኋላው ጸጥ ያለ ውሃ ይፈጥራል። ቢቨር የሚባለው እንስሳ በእንጨት የገደበው ኩሬም እንዲሁ፤ ግን እሱ ቀድሞ ይጋገራል። ንፋስ የማይደርስበት፣ ፀሐይ የምታርፍበት ዳርቻ ካገኛችሁ እሱን በደንብ ያዙት።

አቀራረቡ ላይ ቸኮላችሁ ማለት ቀኑ አለቀ ማለት ነው። ዳርቻውን ተከትላችሁ አትሂዱ። ከጅረቱ ራቅ ብላችሁ በማሳው በኩል ዙሩ፣ ከዚያ መታጠፊያው ላይ ብቻ ጎንበስ ብላችሁ ቅረቡ። የደረቀ ቅጠልና የጠጠረ በረዶ እግር ሥር ይጮኻል። ለዚህ ነው ነፋሻማ ቀን የምወደው፤ ንፋሱ ኮቴያችሁን ይደብቅላችኋል። ዳርቻው ላይ ስትደርሱ ወዲያው ብቅ አትበሉ። ቁሙ፣ አድምጡ። ዳክዬ ካለ ብዙ ጊዜ ሲያጉረመርም ወይም ውሃ ሲያንቦጫርቅ ትሰማላችሁ።

ዳክዬ የሚነሳው ወደ ንፋሱ ነው። ይህን ካወቃችሁ ወፉ በየት በኩል እንደሚያልፍ ሳይነሳ ታውቃላችሁ። ማላርድ እንደ ጠላቂ ዳክዬዎች ውሃው ላይ ሮጦ አይነሳም፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይዘላል። ጀማሪ ሁልጊዜ ከሥሩ ይተኩሳል፤ ወፉ ሽቅብ እየወጣ እሱ የነበረበትን ቦታ ይመታል። አፈሙዙን ከወፉ በላይ አሳልፉ። ወይም አንዲት ቅጽበት ታገሱ፤ ሽቅቡን ጨርሶ ወደ ጎን ሊዞር ሲል ፍጥነቱ ይቀንሳል። መንጋው ላይ በጅምላ አትተኩሱ፣ አንድ ወፍ ምረጡ። አረንጓዴ ራስ ያለውን ወንዱን ምረጡ። በዚህ ጊዜ ብዙዎቹ ማላርዶች ጥንድ ይዘዋል፤ በፀደይ እንቁላል የምትጥለው ደግሞ ሴቷ ናት። ሕጉም በቀን ስንት ሴት ማላርድ መግደል እንደሚቻል ለይቶ ይገድባል።

ከመተኮሳችሁ በፊት ግን «ይሄ ወፍ ቢወድቅ የት ይወድቃል?» በሉ። ጅረት ላይ ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። ወራጁ የወደቀውን ወፍ ወስዶ ከበረዶው ጠርዝ ሥር ሊከትተው ይችላል። የቆሰለ ዳክዬ ከዳርቻው ሥር ባለው የዛፍ ሥር መሐል ይደበቃል፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶም ይጠፋል። የፌዴራል ሕግ የመታችሁትን ወፍ ለማግኘት ተገቢውን ጥረት እንድታደርጉ ያስገድዳል። ሕጉ ባይኖርስ? የማታነሱትን አትጣሉ። የሰለጠነ ውሻ ካላችሁ እሰየው፤ ግን ወራጁ ከበረዶ ሥር በሚገባበት ቦታ ውሻውን አትላኩ።

ተቀምጦ መጠበቅ የሚወድ ደግሞ አለ። ለሱም ቢሆን ትንሽ ይበቃል። ዲኮይ የሚባሉትን ወፍ ማባበያ የፕላስቲክ ዳክዬዎች በጆንያ ሙሉ ተሸክማችሁ አትምጡ፤ ጥቂቶቹ ይበቃሉ፣ ወራጁ ራሱ ያንቀሳቅስላችኋል። የዳክዬ ድምፅ የሚያወጣውን ፊሽካም ቀንሱት። እነዚህ ወፎች ከካናዳ ጀምሮ ሲነፋባቸው ነው የመጡት። ሰልችቷቸዋል።

ወረቀቱን በአጭሩ ልበል። የግዛታችሁ የአደን ፈቃድና የስደተኛ ወፎች ምዝገባ ያስፈልጋል። 16 ዓመት ከሞላችሁ የፌዴራሉ የዳክዬ ቴምብርም አለ፤ ዋጋው 25 ዶላር ነው። ቴምብሩ የተጀመረው በ1934 ሲሆን፣ የመጀመሪያውን የሳለው ጄይ ዳርሊንግ የተባለ የጋዜጣ ካርቱን ሠዓሊ ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው ለረግረግ መሬት መግዣና መጠበቂያ ስለሚውል፣ እኔ ይህን ስከፍል ቅር ብሎኝ አያውቅም። የእርሳስ ጥይት ለዳክዬ አደን ከ1991 ጀምሮ በመላው አሜሪካ ክልክል ነው። ዳክዬ ምግቡን ለመፍጨት ጠጠር ይውጣል፤ ከጭቃው ጋር የእርሳስ ፍሬ ለቅሞ ይመረዝ ነበር። ለጅረት ርቀት ቁጥር 2 ወይም 4 የብረት ፍሬ፣ ከፈት ካለ ቾክ (የአፈሙዝ ማጥበቢያ) ጋር፣ ደህና ይሠራል። ጠብመንጃችሁ ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይጎርስ መሰኪያ ይኑረው። ወቅቱ መቼ እንደሚዘጋ፣ በቀን ስንት ወፍ እንደሚፈቀድና ሰዓቱን በየዓመቱ አንብቡ፤ አምና ያነበባችሁት ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል።

ጅረቱ የማን እንደሆነም ጠይቁ። በአንዳንድ ግዛት ውሃው የሕዝብ ሆኖ ከሥሩ ያለው መሬት የግለሰብ ነው። የገበሬውን በር ወቅቱ ሳይከፈት፣ በቀን፣ በንጹሕ ልብስ አንኳኩ። እምቢ ካለ አመስግናችሁ ተመለሱ። እሺ ካለ አጥሩን እንዳገኛችሁት ዝጉ፣ የጥይት ቀለሃ አትተዉ፣ ከዳክዬውም አካፍሉት።

አሁን የማልቀልድበት ነገር። ጅረት ትንሽ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። ውርጭ ላይ ያለ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው የመጀመሪያዋን 1 ደቂቃ ትንፋሹን ለመቆጣጠር ይታገላል። ከዚያ እጅና እግሩ በደንብ የሚታዘዙት 10 ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ እስከ ደረት የሚደርሰውን የውሃ ሱሪ ስትለብሱ ቀበቶውን አጥብቁ፣ ውሃ እንዳይሞላው። በእንጨት እየነካችሁ ተራመዱ። በወራጅ ላይ የተጋገረ በረዶ አይታመንም፤ ከላይ ወፍራም ይመስላል፣ ከሥር ውሃው እየበላው ነው። ደረቅ ልብስ መኪና ውስጥ ይኑር፣ የት እንደሄዳችሁም ሰው ይወቅ። ዳርቻው ላይ ተንሸራታችሁ ከወደቃችሁ ጥይቱን ከጠብመንጃው አውጡና አፈሙዙን እዩ። ጭቃ ወይም በረዶ የደፈነው አፈሙዝ ሲተኮስ ሊፈነዳ ይችላል። ከመታጠፊያው ማዶ ሌላ አዳኝ፣ ቤት ወይም ከብት ሊኖር ስለሚችል ዝቅ ብሎ በሚበር ወፍ ላይ አትተኩሱ። ጓደኛ ካለ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ይቅደም፣ ተራ እየተቀያየራችሁ።

ወደ መጀመሪያው ነገሬ ልመለስ፤ በጊዜ ስለ መሄድ። ሰፊ ረግረግ ተኩስ ይችላል፣ ወፉ ወደ ሌላኛው ጥግ ይሄድና ይመለሳል። ጅረት ግን ጥግ የለውም። ዛሬ ተኩሳችሁ፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም ከመጣችሁ ወፎቹ ሌላ ውሃ ይፈልጋሉ። ሁለት ወንድ ማላርድ ከያዛችሁና የቀሩት መታጠፊያዎች ገና ካልተነኩ፣ እነሱን ተዉአቸው። ገደቡን የግድ መሙላት የለባችሁም፤ ወጣት ሳለሁ ይህን ስሰማ ሰነፍ አዳኝ የሚያወራው ይመስለኝ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ውጡ፣ የተባረሩት ተመልሰው የሚያርፉበት ጊዜ ያግኙ። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሳምንት አትርገጡት። እስከዚያ ካርታችሁ ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ጅረት ፈልጉ።

ከሳምንቱ በኋላ ወደ መጀመሪያው ጅረት ስትመለሱ ባለፈው በገባችሁበት በኩል አትግቡ። የንፋሱን አቅጣጫ አይታችሁ ከሌላኛው ጫፍ ጀምሩ።