«ወገኛ» ሙገሳ ነው ስድብ?

ጥያቄ፦ የአያታችንን 80ኛ ዓመት ልደት ስናከብር የጥሪ ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። «ወገኛው አባባ» አልኳቸው። አባባ ጨዋታ ሲጀምሩ ሰው እራቱን ይረሳል፤ ያንን ለማለት ነው። እህቴ ግን «ሰደብካቸው» ብላ አስቀየረችኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ በቃሉ አፈጣጠር ከሄድን እርስዎ ልክ ነዎት። ወግ ጨዋታ ነው፣ ትረካ ነው። «ወግ ሲጠርቁ አመሹ» እንላለን። በሥነ ጽሑፋችንም ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው፤ የመስፍን ሀብተማርያምን «የቡና ቤት ስዕሎችና ሌሎችም ወጎች» ያነበበ ያውቀዋል። ታዲያ ሲያወጋ የሚጥም ሰው ወገኛ ቢባል ምን ነውር አለው?

ነውሩ የመጣው በሌላ በር ነው። ወግ ሥርዓትና ልማድም ነው። «ወግ ነው ሲዳሩ ማልቀስ» የሚባለውን ያስቡት። ሙሽራዋ የምታለቅሰው ከፍቷት ላይሆን ይችላል፤ ደንቡ ስለሆነ ነው። የዛሬ ከተሜ «ወገኛ» የሚለው ከዚህኛው ወግ ተነስቶ ነው። ልጅ «በጣሳ አልጠጣም፣ ብርጭቆ ይምጣልኝ» ሲል እናቱ «ወገኛ!» ትለዋለች። ተቀናጣህ፣ የማያስፈልግ ደንብ አበዛህ ማለቷ ነው። እህትዎ የሰማችው ይህንን ነው። ፊት ለፊት ቢሆን ሳቅዎና ድምፅዎ ያግዙዎት ነበር፤ ካርድ ላይ ግን ቃሉ ብቻውን ነው የሚቀረው። ስለዚህ በካርዱ ነገር እኔ ከእህትዎ ጋር ነኝ።

አንዳንዶች ነገረኛንና ወሬኛን እየጠቀሱ ጥፋቱን «ኛ» ላይ ይጥላሉ። ቀልደኛስ? ቀልደኛ ሰው የሚጠላ ማን አለ? ይልቅ እኔን ሁሌም የሚገርመኝ «አዋቂ» የሚለው ቃል ነው። ነገረኛን እንሸሻለን፤ ነገር አዋቂን ግን ለሽምግልና እንጠራለን። «ወግ አዋቂ» ቢሉ ደግሞ ደንብ የሚያውቅ ማለት ይሆንብዎታል። እሱም ሙገሳ ነው፣ ግን ሊሉ የፈለጉት አይደለም። «አንደበተ ርቱዕ»ም ለአባባ አይሆንም፤ እሱ ለመድረክ፣ ለንግግር ነው።

ሰው እራቱን እስኪረሳ የሚያጫውት አያት በአማርኛ «ጨዋታ አዋቂ» ነው። ያወጉላችሁን ሰብስባችሁ መጽሐፍ ካደረጋችሁት ግን «የአባባ ወጎች» በሉት። እዚያ ላይ ወግ ብትሉ እህትዎም አትከፋም።