ከጣራ ሥር ያለችው ብልቃጥ፤ ለጀማሪ የጥገና ልጆች

ልጆች፣

ከቴክኒክና ሙያ ወጥታችሁ ወደ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ወደ ደሴ ሆቴሎችና ባንኮች በጥገና ሥራ የምትገቡ እየበዛችሁ ነው። ሞተሩንና ኤሌክትሪኩን ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁ። የእሳት ማጥፊያውን ግን ብዙ ጊዜ የሚያሳያችሁ ሰው የለም። በዚህ ሥራ ያረጀሁ ነኝና ትንሽ ልበላችሁ።

ቀና ብላችሁ ጣራውን እዩ። ውኃ የሞላው ቧንቧ ተዘርግቷል፤ በየሦስት አራት ሜትሩ ስፕሪንክለር፣ ማለት እሳት ሲነሳ ውኃ የሚረጨው አፍ፣ ተሰክቷል። የስፕሪንክለሩን መዝጊያ ደግፋ የያዘችው ከትንሿ ጣት የቀጠነች የመስታወት ብልቃጥ ናት። ውስጧ ያለው ፈሳሽ ሲሞቅ ያብጥና ይሰብራታል፤ ውኃውም ይወርዳል። ቀይዋ በ68 ዲግሪ፣ ቢጫዋ በ79፣ አረንጓዴዋ በ93 ትሰበራለች። ፊልም ላይ ሁሉም ባንዴ ሲዘንቡ አይታችሁ ይሆናል፤ አትመኑት። የምትሰበረው የሞቀችው ብቻ ናት፣ ጭስ ደግሞ ብቻውን አይሰብራትም። ባንዴ የሚዘንበው ዴሉጅ የሚባለው ዓይነት ነው፤ እሱ ለነዳጅ ማከማቻና ለትልልቅ ትራንስፎርመር ነው።

ቀለሙን አገሩን አይታችሁ ምረጡ። ቀይዋ የጣራው ሥር ሙቀት ከ38 ዲግሪ ለማያልፍበት ቦታ ናት። ባቲ ላይ በበጋ ቆርቆሮ ሥር ቆሞ የሚያውቅ ሰው ለምን ቢጫ ወይም አረንጓዴ እንደሚያስፈልግ ይገባዋል። እንደ ደላንታ ውርጭ በሚጥልበት ቦታ ደግሞ ውኃው ቧንቧው ውስጥ እንዳይረጋ፣ ቧንቧው የታመቀ አየር ይሞላና ውኃው ከቫልቩ ወዲያ ይጠብቃል።

ዕቃው ራሱ እምብዛም አይበላሽም። የሚያበላሸው ሰው ነው። አንድ መጋዘን ገብቼ፣ ስሙ ይቅር፣ ጥቅል ጨርቁ እስከ ጣራ ተከምሮ ስፕሪንክለሮቹ ጨርቁ ውስጥ ተቀብረው አገኘሁ። ውኃው የሚበተነው ከሥሩ ግማሽ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ሲያገኝ ነው። ይህን ብነግረው መጋዘን ጠባቂው «አባባ፣ ታዲያ ቦታ ከየት ላምጣ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ጣራውን ያስቀቡት ደግሞ ብልቃጦቹን አብረው ቀብተዋቸዋል። ቀለም የነካው ስፕሪንክለር አይጠረግም፣ ይቀየራል፤ «ቤንዚን እናስነካው» የሚል አለቃ ቢመጣ እሺ እንዳትሉ።

ከሁሉ የከፋው ውኃውን ወደ ቧንቧው የሚያስገባው ዋና ቫልቭ ተዘግቶ መቅረቱ ነው። ለጥገና ይዘጋል፣ ጠጋኙ ምሳ ይወጣል፣ ቫልቩ እንደተዘጋ ይከርማል። ስትዘጉት ስማችሁንና ሰዓቱን የያዘ ካርድ ስቀሉበት፤ ስትከፍቱት በሰንሰለት ቆልፉት።

ኩሽና ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። የተቀጣጠለ ዘይት ላይ ውኃ ብታፈሱ ውኃው ባንዴ ተኖ ዘይቱን ፊታችሁ ላይ ይረጨዋል። ለዚህ የተሠራው ከምድጃው በላይ የሚገጠም ፈሳሽ ኬሚካል ነው፤ ከዘይቱ ጋር ሲገናኝ ወደ ሳሙና ዓይነት ነገር ለውጦ ያፍነዋል። የባንክ ሰርቨር ክፍል በጋዝ ይጠበቃል። ድሮ ሃሎን ነበር፤ የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት ምርቱ ቀረ። ጋዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ እሳቱን የሚያጠፋው መጠን ሰውንም ይገድላል። ደወሉ ሲጮህ ዕቃ ላንሳ ሳትሉ ውጡ፤ ከወጣችሁም ክፍሉ ሳይናፈስ አትመለሱ።

የውኃውን ነገር ደግሞ የደሴ ሰው በደንብ ያውቀዋል፤ በፈረቃ የሚመጣ መስመር ላይ ተማምኖ እሳት አይጠፋም። ለእሳት የተለየ ውኃ በታንከር ይኖራል። ለመታጠቢያና ለመጸዳጃ የሚሄደው መውጫ ከታንከሩ ወገብ ከፍ ብሎ፣ የእሳቱ ከሥር ይገጠማል፤ የዕለቱ ፍጆታ የቱንም ያህል ቢሆን የሥረኛው ውኃ አይነካም። ወጪ ለመቀነስ ሁለቱን ከሥር የሚያወጣ ተቋራጭ አይጠፋምና፣ ርክክብ ላይ መሰላል አምጥታችሁ እዩት።

መብራት ሲጠፋ ውኃውን ለመግፋት የሚነሳው የዲዝል ፓምፑ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ለ30 ደቂቃ አስነሱት። አልነሳም ካለ መጀመሪያ ባትሪውን እዩ፤ ነቅለው ለመኪና የወሰዱበት ቦታም አይቻለሁ።